«አስተናጋጅ ጋላክሲ» ወይስ «አቃፊ ጋላክሲ»?

ጥያቄ፦ ስለ ሩቅ የሰማይ አካላት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከዓረፍተ ነገሮቼ አንዱ «ከ4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመታት በፊት የሚገኘው ብሌዛር በአስተናጋጅ ጋላክሲው ውስጥ ተቀምጦ በ2017 ፈነዳ» ይላል። አንድ ባልደረባዬ «አስተናጋጅ» የሚለው ቃል ለሰማይ አካል አይሆንም አለኝ፤ በምትኩ ምን ማለት እንደሚገባኝ ግን አልነገረኝም። እርስዎ ምን ይላሉ? የቀረው የዓረፍተ ነገሩ ክፍልስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ቃሉን መጠራጠራቸው ትክክል ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን አያሳምነኝም። አማርኛ የሰውን ግብር ለሰማይ አካል ማዋስ አይቸግረውም። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ኮከብ ተወለደ፣ አረጀ፣ ሞተ ብንል የሚደናገር አንባቢ የለም። ስለዚህ የ«አስተናጋጅ» ችግር ለሰው የሚነገር ቃል መሆኑ ላይ አይደለም። ችግሩ ቃሉ በሁለቱ ነገሮች መካከል አለ የሚለው ዝምድና በጋላክሲውና በብሌዛሩ መካከል አለመኖሩ ነው።

«አስተናገደ» የሚለው ግሥ ከ«እንግዳ» ጋር አንድ ሥር ይጋራል። በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ መንገድ ሄደ፣ እየዞረ ሸጠ ለወጠ ማለት ሲሆን፣ «ነጋዴ»ም ከዚያው የወጣ ነው። እንግዳ ከመንገድ የመጣ ሰው ነው፤ አስተናጋጅ ደግሞ ከመንገድ የመጣውን ተቀብሎ፣ አሳርፎ፣ ኋላ የሚሸኝ ነው። በዚህ የተነሳ «የውድድሩ አስተናጋጅ አገር» የሚለው አነጋገር ያለ ችግር ይሄዳል፤ ቡድኖቹ ከውጭ መጥተው ተጫውተው ይመለሳሉና። ብሌዛር ግን ከየትም አልመጣም፣ ወደየትም አይሄድም። ከቤት ጋር ማነጻጸር የግድ ከሆነ፣ ለእንግዳው ሳይሆን ለምድጃው ይቀርባል።

ይህን ለማየት ብሌዛር ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በብዙ ጋላክሲዎች እምብርት ላይ መጠነ ቁሱ ከፀሐይ በሚሊዮን፣ አንዳንዴም በቢሊዮን የሚቆጠር እጥፍ የሆነ ጥቁር ጉድጓድ አለ። በዙሪያው የሚሽከረከረው ቁስ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ በእጅጉ ይግላል፤ ከጥቂቶቹ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫዎች የብርሃንን ፍጥነት በሚቃረብ ፍጥነት የሚወረወሩ ሁለት ቀጫጭን የቁስ ጅረቶች ይወጣሉ። ከሁለቱ ጅረቶች አንዱ በቀጥታ ወደ እኛ ሲያነጣጥር፣ ብርሃኑ ወደ ፊት ተሰብስቦ ስለሚደርሰን ከእውነተኛው መጠን እጅግ ደምቆ ይታየናል፤ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ብሌዛር የምንለው ይህን ነው። ያው አካል በጎን በኩል ቢታይ ኖሮ «የራዲዮ ጋላክሲ» በሚል ስም ይመዘገብ ነበር። እንግዲህ «ብሌዛር» የሚለው ስም ግማሹ የአካሉ፣ ግማሹ እኛ የቆምንበት አቅጣጫ ስም ነው ማለት ይቻላል፤ አቅጣጫን ደግሞ ማንም አያስተናግድም።

የስሙም አመጣጥ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1929 ኩኖ ሆፍማይስተር የተባለ ጀርመናዊ በእንሽላሊት ኅብረ ኮከብ ውስጥ ብርሃኑ የሚዋዥቅ አንድ ነጥብ አገኘ፤ ተለዋዋጭ ኮከብ መስሎት ስለነበር በተለዋዋጭ ከዋክብት የስያሜ ደንብ «ቢኤል ላሰርቴ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ነጥቡ ኃይለኛ የራዲዮ ሞገድ ምንጭ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኦክ እና ገን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በነጥቡ ዙሪያ ያለውን ደብዛዛ ጭጋግ ለመመርመር አንድ ብልሃት ተጠቀሙ፦ መኻሉን ጋርደው፣ ከዙሪያው ቀለበት የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ለኩ። ያገኙት የአንድ ሞላላ ጋላክሲ ብርሃን ነበር፤ ርቀቱም ዛሬ 900 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ተብሎ ይገመታል። «ኮከቡ» የጋላክሲ እምብርት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በፒትስበርግ በተደረገ ጉባኤ ላይ ኤድዋርድ ስፒገል የ«ቢኤል ላሰርቴ»ን መጀመሪያና የ«ኳሳር»ን (ከሩቅ ኮከብ መስሎ የሚታይ እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት) መጨረሻ ገጥሞ «ብሌዛር» የሚለውን ቃል ፈጠረ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ቦግ ብሎ መንደድንም ያስታውሳል። ይህ የቃላት ጨዋታ በአማርኛ ሊደገም ስለማይችል ስሙን እንዳለ መውሰድ ይሻላል። አጻጻፉም «ብሌዛር» እንጂ «ብላዛር» ባይሆን እመርጣለሁ፤ ከአነባበቡ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነውና።

የኦክና የገን ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል። በ«አስተናጋጅ» ምትክ የሚሆነውን ቃል የምንፈልገው በአብዛኛው ስለ ብሌዛሩ ሳይሆን፣ በብሌዛሩ ብርሃን ተውጦ ስለሚቀረው ስለዚያ ደብዛዛ ጋላክሲ ለመናገር ስንሻ ነው። ታዲያ ምን እንበለው?

«እናት ጋላክሲ» የሚሉ አሉ። «እናት ድርጅት»፣ «እናት ክፍል» እንደሚባለው ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ጋላክሲው ብሌዛሩን እንደ ወለደ ያስመስላል። ጥቁር ጉድጓዱና ጋላክሲው አብረው እንደሚያድጉ የሚያመለክት ብዙ ነገር ስላለ፣ ቃሉ ያልተወሰነውን የመቅደም ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚወስን ይሆናል። «ባለቤት ጋላክሲ» የሚለውን አልመክርም፤ «ባለቤት» በሰዋስው ትምህርት፣ በንብረት ሕግና በትዳር ውስጥ የተለያየ ሥራ ስላለው አንባቢው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሲያስብ ዓረፍተ ነገሩ ያልፈዋል። «ማኅደር» ከ«ኀደረ» የወጣ መልካም ቃል ነበር፤ ዛሬ ግን ቀድሞ የሚያስታውሰን የሰነድ መያዣን ነው።

እኔ የምመርጠው «አቃፊ ጋላክሲ» የሚለውን ነው። «አቀፈ» አንዱ በሌላው ውስጥ መሆኑን ይናገራል፤ ማን እንደቀደመ፣ ማን ከየት እንደመጣ ግን ምንም አይልም። ቃሉ በሳይንስም ሆነ በአስተዳደር አማርኛ እንግዳ አይደለም፤ «ዓለም አቀፍ» ስንል የምንጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው፣ በኮምፒውተር ላይም ፋይሎችን የሚይዘው «አቃፊ» ይባላል። ደግሞም ለብሌዛር ብቻ አይወሰንም፤ የፈነዳ ኮከብ ስለተገኘበት ጋላክሲ ሲነገርም ያገለግላል። «ዐቃፊ» ብለው በዐይኑ ዐ ቢጽፉም ስሕተት የለበትም፤ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው መጽናት ነው። አንድን የጋላክሲ ዓይነት ለመግለጽ ሲሆን ደግሞ «ባለ ብሌዛር ጋላክሲ» የሚለው ከሁሉም የቀለለ ነው፤ «ባለ» የአካልን ክፍል ከአካሉ ጋር ለማያያዝ የኖረ መነሻ ነውና። «አስተናጋጅ»ን ስሕተት ብዬ ቀይ መስመር አላሰምርበትም፤ በአንዳንድ ጽሑፎች ውስጥ ገብቷል፣ አንባቢም ይረዳዋል። የተሻለ ቃል እያለ ግን ለምን እንደምንይዘው አይታየኝም።

ወደ ቀረው የዓረፍተ ነገርዎ ክፍል ስመጣ፣ ከ«አስተናጋጅ» ይልቅ ያሳሰበኝ «ከ4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመታት በፊት» የሚለው ነው። የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው፤ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስሙ ውስጥ «ዓመት» ስላለ ብቻ «በፊት» እና «በኋላ» ይከተሉታል፤ ይህም «ከሃያ ኪሎ ሜትር በፊት የሚኖረው ሰው» እንደ ማለት ነው። ርቀት የሚፈልገው «ላይ» ወይም «ርቆ» ነው፦ «ወደ 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ»። ጊዜን መግለጽ ከፈለጉ «የብርሃን» የሚለውን አውጥተው «ዓመት» ብቻ ይጻፉ። «ዓመታት» ማለትም አስፈላጊ አይደለም፤ በአማርኛ ቁጥር የቀደመው መለኪያ በነጠላ ቢቀር ደንብ ነው።

«በ2017» ብለው ያለ «እ.ኤ.አ.» መጻፍዎ ሌላ ጣጣ አለው፤ የአማርኛ አንባቢ ዓመተ ምሕረት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የሚጽፉት ቲኤክስኤስ 0506+056 ስለተባለው ብሌዛር ይመስለኛል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው አይስኪዩብ የተባለ መሣሪያ አንድ ኃይለኛ ኒውትሪኖ (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ እጅግ ቀላል ቅንጣት) የመዘገበው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 22 ቀን 2017 ሲሆን፣ በእኛ መስከረም 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። በዚያው አቅጣጫ ያለው ይህ ብሌዛር በጋማ ጨረር ደምቆ መገኘቱ ነው ዝነኛ ያደረገው።

ደግሞም አልፈነዳም። የፈነዳ ነገር ይበታተናል፤ ብሌዛር ግን ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይደምቃል። ለዚህ አማርኛ «ቦግ አለ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «ቦግ እልም» የሚለውም ጠባዩን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል።

የግሡ ጊዜ ግን ከቃሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እ.ኤ.አ. በ2017 ቦግ አለ» ካልን ዓመቱን ከድርጊቱ ጋር አሰርነው፤ ብርሃኑ ግን እኛ ዘንድ ለመድረስ 4 ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዓመት ወስዶበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነው ማየታችን ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ያማረ መውጫ አለው፦ «ቦግ ሲል ታየ»። «ታየ» ዓመቱን ይይዛል፣ «ሲል» ደግሞ ድርጊቱን ያለ ቀን ይተወዋል። በጽሑፉ መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንዲህ ካሉ በኋላ፣ በየአንቀጹ መድገም አያስፈልግዎትም።

«ተቀምጦ» ምንም አልጨመረም፤ ያውጡት። «ጋላክሲው» ላይ ያለው «ው» ደግሞ አንድም «ያ የታወቀው ጋላክሲ»፣ አንድም «የእርሱ ጋላክሲ» ተብሎ ሊነበብ ስለሚችል፣ «የብሌዛሩ» ብሎ መግለጽ ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «ወደ 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ በሚገኝ ጋላክሲ እምብርት ውስጥ ያለው ብሌዛር እ.ኤ.አ. በ2017 ቦግ ሲል ታየ።» እንደሚያዩት፣ የተጨቃጨቅንበት ቃል እዚህ ጨርሶ አላስፈለገም። የሚያስፈልግዎት ምናልባት በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የብሌዛሩ አቃፊ ጋላክሲ በብርሃኑ ስለተዋጠ፣ ርቀቱን ለመለካት ባለ 10.4 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ አስፈልጓል።»