የጥቁር ጉድጓድ ግጭት ወይስ የተሳቢ ንዝረት?

ጥያቄ፦ ቤቴ መንገድ ዳር ነው። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። አሜሪካ ውስጥ መሬት ላይ የተተከለ መሣሪያ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶችን ግጭት መዘገበ ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። የመኪና ንዝረት አለመሆኑን በምን አወቁ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የሳይንቲስቶቹም ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ላይጎ የሚባለው መሣሪያ አንድ ሳይሆን ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። አንዱ ዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ፣ ሌላው ሉዊዚያና ሊቪንግስተን ነው ያለው። በመሃላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ሊቪንግስተን በር ላይ ያለፈ ተሳቢ ሃንፎርድን አይነካም። ጥቁር ጉድጓዶች (ስበታቸው ብርሃን እንኳ የማያስመልጥ የጠፈር አካላት) ሲጋጩ የሚፈጥሩት የስበት ሞገድ፣ ማለትም ኅዋን ራሱን የሚያሸበሽብ ሞገድ፣ ግን በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ሁለቱም ጋ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቢበዛ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው።

እያንዳንዱ ጣቢያ ባለ 4 ኪሎ ሜትር ሁለት ክንዶች አሉት። የክንዶቹን ርዝመት ለመለካት፣ አየር በተመጠጠበት ቱቦ ውስጥ የሌዘር ብርሃን ይመላለሳል። ጫፍ ላይ ያለው መስታወት 40 ኪሎ ይመዝናል፤ የተንጠለጠለውም ውፍረታቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር በማይሞላ የመስታወት ክሮች ነው። ሞገዱ የሚያመጣው የርዝመት ለውጥ ከፕሮቶን (አቶም እምብርት ውስጥ ካለ ቅንጣት) በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ጣቢያዎቹ በማይክሮፎንና በንዝረት መለኪያ የተሞሉ ናቸው።

ስለ ቁራዎቹ ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃንፎርድ ላይ ምንጩ ያልታወቀ ኳኳታ መረጃው ውስጥ ገባ። ማይክሮፎኖቹ የመቆርቆር ድምፅ ይዘው ነበር። ሰዎቹ ወጥተው ሲያዩ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን በሚያቀዘቅዘው ቱቦ ላይ የተጋገረው በረዶ በመንቁር ተቦርቡሯል። አገሩ በረሃ ነው፤ ቁራዎች በረዶውን ይበሉት ነበር። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በረዶውን ቆርቁረው ያው ምልክት መውጣቱን አረጋገጡ። እኔ ሳይንስን የምወደው እንዲህ ባለው ሥራው ነው።

ራሳቸውንም ይፈትናሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቂት ሰዎች የውሸት ምልክት በምስጢር አስገቡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ወራት ፈጅተው መረመሩት፣ የጥናት ጽሑፉንም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 ምስጢሩን የያዘው ፖስታ ሲከፈት ነው ፈተና መሆኑን ያወቁት።

እውነተኛው የመጣው መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015) ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6፡50። መጀመሪያ ሊቪንግስተን፣ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ፤ የሁለቱም ቅርጽ አንድ ዓይነት። ጀርመን ሃኖቨር ሆኖ ቀድሞ ያየው ተመራማሪ ማርኮ ድራጎ ደስታውን አላስቀደመም። «ሆን ተብሎ የገባ ምልክት ይሆን?» ብሎ ነው የጠየቀው። አልነበረም። የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተዋህደው ነበር። ዜናው ይፋ የሆነው ግን ከወራት ምርመራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ነው።

አሁንም ከተጠራጠሩ፣ እኔን ሙሉ በሙሉ ያሳመነኝ የኦገስት 17 ቀን 2017ቱ ነው። ያን ቀን የተጋጩት ኒውትሮን ኮከቦች (የፈነዱ ትልልቅ ኮከቦች ጥቅጥቅ ያሉ ቅሪቶች) ነበሩ። ሞገዱ ባለፈ በ1.7 ሰከንድ ውስጥ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት የጋማ ጨረር (ኃይለኛ የብርሃን ዓይነት) ያዘ። ጣሊያን ያለው ቪርጎ የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ታክሎበት አቅጣጫው ጠበበ። በሰዓታት ውስጥ ቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቅ ጋላክሲ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ ብርሃን አገኘ። ከዚያ በኋላ 70 የሚያህሉ የጠፈር መመልከቻዎች ያንኑ ብርሃን ተከታተሉት።