ጓደኛህን ወደ ዳካታ ድንጋይ ከመውሰድህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ድንጋይ መውጣት የተማርከው ውጭ አገር ሳለህ፣ በአዳራሽ ውስጥ በተሠራ ግድግዳ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ገመድ ነክቶ የማያውቅ ጓደኛህን ይዘህ ከባቢሌ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው የዳካታ ሸለቆ ለመሄድ አስበሃል። “ምን ምን እንያዝ?” ነው ያልከው። የዕቃውን ዝርዝር ሌሎች የቡድናችን አባላት ጽፈውልሃልና አልደግመውም። ቋጠሮውን እንደምታውቅም እቆጥራለሁ። እኔም ሐረር ተመልሼ አብሮ አደጌን የወሰድኩት ልክ እንዳንተ ነበር፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ የቀረውን ልንገርህ።

1. ቀኑ የጓደኛህ ነው። ዳካታን ስታይ እጅህ እንደሚበላህ አውቃለሁ፤ የአንተ የመውጫ ቀን ግን ሌላ ይሁን። አንተ ገመዱን ከመሬት ይዘህ መሪ ሆነህ ስትወጣ፣ እርሱ ከታች ቆሞ ብትወድቅ በገመዱ እንዲይዝህ አታድርግ። መሪን መያዝ በአንድ ጠዋት ተምሮ የሰው ሕይወት የሚረከቡበት ሥራ አይደለም። ከኋላው በእግር ተዙሮ አናቱ ላይ የሚወጣበት ዝቅ ያለ ድንጋይ ፈልግ። ገመዱን ከላይ ስቀል፤ እርሱ ይውጣ፤ አንተ ያዝ። ገመዱን የምትሰቅለው እርስ በርስ በማይደጋገፉ ሁለት ማሰሪያዎች ላይ ይሁን፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ብቻውን እንዲችል። ከሁለቱ ማሰሪያዎች ወደ ገመዱ በሚወርዱት ክንዶች መካከል ያለው ማዕዘን ከ60 ዲግሪ አይብለጥ። 120 ከደረሰ እያንዳንዱ ማሰሪያ ሙሉውን ክብደት ብቻውን የተሸከመ ያህል ይጨነቃል። ይህን በአዳራሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያስተምሩም፤ እዚያ ማሰሪያውን ሌላ ሰው አስቀድሞ ሠርቶ ይጠብቅሃል።

2. ድንጋዩን ከሩቅ አትመን። የዳካታ ድንጋይ ግራናይት ነው፤ ግራናይት ደግሞ በፀሐይና በዝናብ ብዛት ከላይ ከላይ እየተላጠ ይሄዳል። በእጅህ አንኳኳው። ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ ከሰጠ መልካም፤ እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ቅርፊቱ ከውስጥ ለቋልና ተወው። በጫማህ ጫፍ ስትጫነው እንደ ሻካራ አሸዋ የሚራገፈውም እንዲሁ። አንዱ በሌላው ላይ ተንጠልጥለው የሚታዩትን፣ መንገደኛ መኪና አቁሞ ፎቶ የሚያነሳቸውን ድንጋዮች ግን ፈጽሞ አትንካ። ገመድም አታስርባቸው። ስንት ዘመን እንደዚያ እንደቆሙ እያየን ለአንድ ጠዋት ደስታ ብለን የምንፈትናቸው አይደሉም።

የጀጎልን ግንብ ለልምምድ የሚጠቀሙ ወጣቶችንም አይቻለሁ፤ ያናድደኛል። ቁመቱ ከአራት ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ይመቻል ይላሉ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ አባቶቻችን ለከተማ መከላከያ የገነቡት ነው፤ እያንዳንዱ የሚነቀል ድንጋይ ተመልሶ አይተካም። እናንተ ድሬዎችም ብትሆኑ ወደ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ወይም ሥዕል ወዳለበት ወደ ለጋ ኦዳ ድንጋይ ገመድ ይዛችሁ አትሂዱ። ፖርክ ኤፒክ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ተመራማሪዎች ሲመላለሱበት የኖረ የጥንት ሰው መኖሪያ ነው። ለመውጣት ሌላ ድንጋይ ሞልቷል።

3. ገመዱ የት እንደነበረ እወቅ። ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተወጣበት ብቻ አይደለም፤ የት እንዳደረ ጭምር። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ገንዘቤን አጥቻለሁ፤ የሰው ሕይወት ግን አላጣሁም።

ገመዴን ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ በእኔ ገንዘብ ገዝቶ ላከልኝ። 60 ሜትር፣ ዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን የሚሰጠው የዩአይኤኤ ምልክት ያለበት፣ ሲወድቁበት የሚለጠጠው ዓይነት ነበር። እግረ መንገዴን፦ ገበያ ላይ የሚሸጠው የጭነት ማሰሪያ ናይለን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጭነት ቢያነሳም የመውጫ ገመድን ያህል አይለጠጥም፤ ሰው ሲወድቅ የሚመታው ያ አለመለጠጥ ነው። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም በጠፍር የሚወጡት መነኮሳትና ምዕመናን ከላይ እየተሳቡ ስለሆነ የኛን ሥራ በእነርሱ አትለካው።

ገመዱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወደ ሐረር ያደረሰልኝ አንድ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ዕቃው “ነገ ይደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ይደርሳል” እየተባለ ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ መጋዘናቸው ስገባ ካርቶኑን ያገኘሁት መሬት ላይ፣ የመኪና ባትሪዎች በተደረደሩበት ግድግዳ ሥር ነው። የካርቶኑ ሥር ረጥቦ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ምን እንዳረጠበው ጠየቅሁ። ልጁ “ዝናብ ይሆናል” አለኝ። በዚያ ሳምንት ሐረር ላይ ጠብታ አልወረደም።

አብሮ አደጌ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ ምሽት ገመዱን ሱቁ ወስጄ በመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ገመድ ይዞ አያውቅም፤ ክር ግን እድሜ ልኩን ይዟል። ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያሳለፈ ክንድ በክንድ ይጎትተው ጀመር። እኔ ዓይኔን አምኜ ስመለከት ምንም አልታየኝም። ከመካከሉ አለፍ ብሎ ቆመ። ተመልሶ አንድ ስንዝር ያህሉን አሸው፤ አጎበጠው። እዚያ ቦታ ላይ ገመዱ እንደሌላው አይታጠፍም፤ ላዩም ትንሽ ነጣ ብሎ ጸጉር ጸጉር አውጥቷል። በጥፍሩ ሲጭረው ክሩ እንደ ደረቅ ሣር ብትንትን አለ። “ይህ ክር ሞቷል” አለኝ።

የባትሪ አሲድ ናይለንን የሚበላው እንዲህ ነው። አንዳንዴ ይህን ያህል ምልክት እንኳ አይተውም፤ ሽታ የለውም፣ ቀለሙም ላይለወጥ ይችላል። ደህና የሚመስል ገመድ በትንሽ ክብደት ተበጥሶ ሲገኝ ከሚጠረጠሩት ዋነኞቹ ሁለት ነገሮች ስለታም የድንጋይ ጠርዝና አሲድ ናቸው። ገመድህን የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባትሪ፣ ከነዳጅና ከባትሪ ውኃ ጋር አታስቀምጥ። በሚኒባስ ስትሄድ ጣሪያ ላይ አይጫንልህ፤ እዚያ ከገመድህ አጠገብ የሚጫነው ጀሪካን ምን እንደነበረበት አታውቅም። ጉልበትህ ላይ ያዘው።

በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። ኃላፊው ገመዱን በሁለት እጁ ወጠር አደረገና “አልተበጠሰም እኮ” አለ። አሲድ እንደነካው ነገርኩት። “በምን ይረጋገጣል?” አለ። ካርቶኑን አሳየሁት። ካርቶኑ የእነርሱ ኃላፊነት እንዳልሆነ፣ ማመልከቻ ማስገባት እንዳለብኝ ነገረኝ። ማመልከቻ አስገባሁ። በሌላ መስኮት “ዋጋውን የሚያሳይ ደረሰኝ” ተባልኩ፤ አመጣሁ። በሦስተኛው መስኮት ደረሰኙ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ይተርጎም ተባለ። አስተረጎምኩ። ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም መሰለኝ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አንዷ ሠራተኛ “ታዲያ ካልፈለግኸው ተወው፣ የጉድጓድ ውኃ መቅጃ እናደርገዋለን” አለችኝ። ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆሞ በዚያ ገመድ የሚቀዳው የማን ልጅ ነው? ወደ ቤት ወስጄ በቢላዋ ክንድ ክንድ እያደረግሁ ቆራርጬ ጣልኩት። የሁለት ወር ደመወዜ ነበር። ዛሬም ያንን በማድረጌ እኮራለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ገመድ ለማስፈራራት አይደለም። ጓደኛህን እንደ ጭነት ይዘኸው እንዳትሄድ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ምሽት ዕቃውን በሙሉ ፊቱ ዘርጋለት። ገመዱን በእጁ ይዳስስ፣ የወገብ ቀበቶውን ስፌት ይይ፣ ካራቢነሩን፣ ማለትም ገመዱን የሚያያይዘውን አፉ የሚከፈት የብረት ቀለበት፣ ከፍቶ ይዝጋ። ካራቢነሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አስረዳው፤ በርዝመቱ ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ሁለት ቶን ያህል ይችላል፤ በጎኑ ሲጫን ወይም አፉ ከተከፈተ ግን አቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው በብሎን የሚቆለፈውን የምንጠቀመው። ድንጋዩ ሥር ስትቆሙም አንተ የእርሱን ቋጠሮ ስታይ እርሱም ያንተን ነክቶ ይይ። “አንተ ታውቃለህ” ብሎ እንዲያልፍ አትፍቀድለት። አብሮ አደጌ “አንተ ታውቃለህ” ቢለኝ ኖሮ ያ ገመድ ዳካታ ይደርስ ነበር።

4. ሁለት ሜትር ላይ አስቀምጠው። ገና ከመሬት ብዙ ሳይርቅ አቁመውና ገመዱ ላይ እንዲቀመጥ፣ ሁለት እጁን ከድንጋዩ እንዲለቅ ንገረው። አይለቅም። ጠብቀው። የእኛ ልብስ ሰፊ አንዱን እጁን ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ፣ ሌላውን ለቀቀ፤ ጣቶቹ ድንጋዩን ለቀው እንኳ እንደያዙ ሆነው ታጥፈው ቀሩ። ሁለቱንም የለቀቀ ጊዜ ነው ትንፋሹን የሰማሁት። ይህን ያላደረገ ጀማሪ ከፍ ብሎ ሲደክመው በክንዱ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ክንዱ ሲዝል ደግሞ ይደነግጣል።

ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ ብቻ አናግረው። ጀማሪ ሁሉ በእጁ ይወጣል፤ በግራናይት ላይ ግን የሚያወጣው እግር ነው። የሚያናግረውም አንድ ሰው ይሁን። እኛ ስንወጣ ከታች አንድ መንገደኛ ቆሞ “ውጣ እንጂ! ወንድ አይደለህም?” ይል ነበር። ጓደኛዬ ከመካከሉ ከፍ ብሎ “አውርደኝ” አለ። ወዲያው አወረድኩት፤ “ትንሽ ቀርቶሃል” አላልኩትም። “አውርደኝ” ሲል እንደሚወርድ ካላመነ ነገ አብሮህ አይወጣም፤ ቢወጣም ልቡ ከአንተ ጋር አይሆንም። ሰውየው ሳቀ። እኛ ሻያችንን ጠጣን። ጓደኛዬ ራሱ ተነስቶ ገመዱን ማሰር የጀመረው ከሻይ በኋላ ነው፤ ሰውየው ከሄደ በኋላም ጭምር።

የቀረውን ባጭሩ። ገመዱ በድንጋዩ አናት በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ያረጀ ምንጣፍ ወይም ወፍራም ጆንያ አንጥፍ። ለጭንቅላታችሁ መከላከያ ብላችሁ የግንባታ ሠራተኛ ቆብ አትያዙ፤ አገጭ ሥር ካልታሰረ ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ ራስ ላይ አይገኝም። ጠዋት ጥላ ያለው ወደ ምዕራብ የሚያየው የድንጋዩ ፊት ነውና እዚያ ጀምሩ፤ አራት ሰዓት ካለፈ ድንጋዩ ይግላል፣ እጅ ያልባል፣ የጫማው ጎማም መያዙን ይቀንሳል። ስንጥቅ ውስጥ እጅ ከመክተት በፊት ንብ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከንብ አይሮጥም። ዝንጀሮዎች አናቱ ላይ ካሉ እስኪያልፉ ጠብቁ፤ ጠጠር ያወርዳሉ።

አሸዋማ ወንዝ ውስጥ ዕቃ አስቀምጣችሁ አትውጡ። ይህን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውኃው የመጣው ከላይ ከተራራው ነው። ክረምት ከሆነ ጉዞውን ለጥቅምት አቆዩት።

ሰፈሩ ስትደርሱ ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት በአቅራቢያው ያሉትን ሽማግሌዎች ሰላም በሉ፤ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያናግርላችሁ ሰው ይኑር። ምን ልታደርጉ እንደመጣችሁ አስረዱ፤ መሬቱ የእነርሱ ግጦሽ ነው። ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ድንጋዩ ሥር እንዳይቆሙ የሚከለክልላችሁም ከእናንተ ይልቅ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ነው። ኬላ ላይ ደግሞ አዲስ የሚመስል ዕቃ ኮንትሮባንድ ነው ተብሎ እንዳይያዝባችሁ የግዢ ደረሰኙን ቅጂ ያዙ። በጨዋ ቃል መልሱ፤ ቦርሳውን ራሳችሁ ክፈቱ።

ከድሬ ንጋት ላይ ካልተነሳችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ አልፋችሁ፣ ሐረር መኪና ቀይራችሁ፣ ባቢሌ ስትደርሱ ፀሐይ ትቀድማችኋለች። ብትችሉ ዋዜማውን ሐረር እደሩ። ገመድህን የሚዳስስልህ ሰው ከፈለግህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ሱቁ ድረስ እወስድሃለሁ፤ ጠረጴዛው ለ60 ሜትር ባይበቃም ክንድ በክንድ ያሳልፍልሃል።