«ማን ይናገር?» ሲባል ትዝ ያለን ስም

ውድ ልጆቼ፣

ከዓመታት በፊት የአንድ የቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ሰብሳቢያችን ነጭ ሰሌዳው ላይ «ማን ይናገር?» ብሎ ጻፈ። ስም መጥራት ጀመርን። 10 ደቂቃ ሳይሞላ 12 ስም ተደረደረ። ሁሉም የሚመጥኑ፣ የሚደመጡ ሰዎች ነበሩ። ደስ ብሎን ተለያየን። ማታ ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን ሳየው ክው አልኩ። 12ቱም ወንዶች ናቸው። ከ12ቱ 4ቱን የጠራሁት ደግሞ እኔው ነኝ።

እኔ ሴት ነኝ። ሶፍትዌር ሥራ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በዚህ ሙያ ከእኔ የሚበልጡ ሴቶችን አውቃለሁ። ስልካቸው እጄ ላይ አለ። «ማን ይናገር?» ስባል ግን አንዳቸውም ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያሉኝ ቀድሞ መድረክ ላይ ያየኋቸው ሰዎች ናቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሴት እንዳትናገር የፈለገ ሰው አልነበረም። እንዲያ የሚል ቢኖር ሁላችንም ተነስተን እንሟገተው ነበር። እኛ ቸኩለን ነበር። የቸኮለ ሰው ደግሞ የሚይዘው ቅርቡ ያለውን ነው። አንዴ የተናገረ ሰው ቪዲዮው ይታያል። ቪዲዮውን ያየ ሌላ አዘጋጅ ይጠራዋል። ቀጥሎ የተሻለ ሥራ ይመጣል፣ እድገት ይመጣል፣ «የዘርፉ ባለሙያ» ተብሎ ሚዲያ ይጠይቀዋል። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ ስለሚያወራለት ሲስተም ሌሊት ተነስታ የምትሠራው ልጅ ግን ስሟን የሚያውቀው ቲሟ ብቻ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ፣ እንግዶቹን ያስደነቀው አንድ የሙከራ ማሳያ (ዴሞ) ነበር። ማሽኑ የመድፍ ጥይትን ጉዞ፣ ጥይቱ ራሱ አየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ባነሰ ጊዜ አስልቶ አሳየ። ያንን ፕሮግራም ያዘጋጁት ቤቲ ስናይደርና በኋላ ጂን ባርቲክ ተብላ የታወቀችው ጂን ጄኒንግስ ናቸው። የኤኒያክ የመጀመሪያ ፕሮግራመሮች ስድስት ሴቶች ነበሩ። የዚያን ዕለት ማታ የክብር እራት ተደረገ። ሴቶቹ አልተጋበዙም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ያን ቀን የሆነው ቃል በቃል እሱ ነው።

አሁን አሁን እራት ላይ አለመጥራት ነውር ሆኗል። በምትኩ ምክንያት ይሰጣል። ደጋግማችሁ የምትሰሙት «ሴቶቹ በሙያው ጥቂት ስለሆኑ ነው» የሚለውን ነው። እሺ፣ እንቁጠረው። ከ100 ባለሙያ 20ው ሴት ነው እንበል። ተናጋሪዎቹን በዕጣ እናውጣ። 20 ሰው ስናወጣ አንዲትም ሴት የማትደርሰን ዕድል ስንት ነው? 0.8ን በራሱ 20 ጊዜ አባዙት። መልሱ ከ1 በመቶ እምብዛም አያልፍም። በዚያው ዕጣ 8 ወይም ከ8 በላይ ሴቶች የሚደርሱን ዕድል ደግሞ ከ3 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። አያችሁት? ከ20 ተናጋሪ 8ቱ ሴቶች የሆኑበት ፕሮግራም ብታዩ «ይሄማ ሆን ተብሎ ነው» ትላላችሁ። አንድም ሴት የሌለበትን ፕሮግራም ስታዩ ግን «በአጋጣሚ ነው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። በአጋጣሚ ለመሆን የሚከብደው ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት «ጠርተናቸው እምቢ አሉ» ነው። እምቢ የምትል አለች፤ እኔም ብያለሁ፣ እመጣበታለሁ። ግን የነገሩ ዋና ሥር እሱ አይመስለኝም። በአሜሪካ 50 ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ የትምህርት ዓመት የቀረቡ 3,652 ንግግሮችን የቆጠረ ጥናት አለ። የቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ አይደለም፣ የምሁራን ንግግር ነው፤ የሰው ጠባይ ግን ያው ነው። ወንዶች ከሴቶች ከእጥፍ በላይ ንግግር አቅርበው ነበር። የማዕረግ ልዩነት ከግምት ከገባ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ሴቶቹ ሲጠየቁ ደግሞ ግብዣ ከወንዶቹ በበለጠ አልገፉም። በ2018 ደግሞ ትልቁ የሳይበር ደህንነት ጉባኤ፣ አርኤስኤ፣ ዋና ተናጋሪዎቹን ሲያስተዋውቅ ከ20 ገደማ መካከል ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች። የዘርፉ ባለሙያዎች ተናደው በጥቂት ቀናት ውስጥ የራሳቸውን ኮንፈረንስ አዘጋጁ። የሴት ባለሙያ እጥረት አልገጠማቸውም።

ነገሩ ሲለወጥ ያየሁበትን ልንገራችሁ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ፓይኮን የሚባል፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ዓመታዊ ጉባኤ አለ። በ2011 በሴቶች የቀረበው ንግግር 1 በመቶ ነበር። በ2012 7 በመቶ ሆነ። በ2013 15፣ በ2014 እና በ2015 33፣ በ2016 40 በመቶ ደረሰ። ይህን ቁጥር ያወጣችው የጉባኤውን የብዝኃነት ሥራ ትመራ የነበረችው ጄሲካ ማኬላር ናት። በ5 ዓመት ውስጥ የሴት ፕሮግራመሮች ቁጥር 40 እጥፍ አላደገም። አዘጋጆቹ ናቸው የተለወጡት። ሴቶችን አንድ በአንድ እየፈለጉ «አንቺ ይሄን ሠርተሻል፣ የንግግር ሐሳብሽን በፕሮፖዛል አስገቢ» አሏቸው። በ2012 በርሊን የተካሄደው ጄኤስኮንፍ ኢዩ የተባለ የጃቫስክሪፕት (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ጉባኤም ሴቶችን በግል ካበረታታ በኋላ ፕሮፖዛሎቹን ስም ሸፍኖ መረጠ። ከተናጋሪዎቹ ሩቡ ሴቶች ሆኑ። ስም ተሸፍኖ ነው እንግዲህ፤ «ጥራት ይወርዳል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከዚህ ጋር አንድ አሳዛኝ ነገር ልጨምር። በ2023 ዴቭተርኒቲ የሚባል ኮንፈረንስ በእውኑ ዓለም የሌሉ ሴቶችን በተናጋሪ ዝርዝሩ ላይ አስቀምጧል ተብሎ ተጋለጠ። ተናጋሪዎች ጥለውት ወጡ፣ ኮንፈረንሱም ተሰረዘ። በጣም አዝኛለሁ። ስንት እውነተኛ ሴት ኢንጂነር ኢሜይሏን ከፍታ በምትጠብቅበት ዓለም፣ የሌለች ሴት መፍጠር!

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ።

34 ዓመቴ ላይ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ሥራ ሳይቆም ወደ አዲስ ሲስተም የማዛወር ሥራ መርቼ ጨርሼ ነበር። ስለሱ እንድናገር ተጋበዝኩ። «የሥራ ባልደረባዬ ቢያቀርበው ይሻላል» አልኩ። ስላይዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ያቀረበው እሱ። ጥሩ አድርጎ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰዎች ያንን ሥራ የእሱ አድርገው ነው የሚያውቁት። አልሰረቀኝም። በእጄ ሰጥቼው ነው። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ለምን እምቢ አልኩ? «የማልመልሰው ጥያቄ ቢመጣስ?» ብዬ ነው። መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉን የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። በኋላ የስንቱን ታላቅ ተናጋሪ ስላይድ ከጀርባ ሆኜ ካየሁ በኋላ ነው የገባኝ። ተናጋሪ የሚያስፈልገው አንድ ነገር በደንብ ማየቱ ነው። ሲስተሙ የወደቀበት ሌሊት፣ ሦስት ሳምንት የፈጀብሽ ስህተት፣ ሁሉም ትክክል ነው ብሎ ሲሠራበት የኖረውና አንቺ ያፈረስሽው አሠራር። ንግግር ማለት ይሄ ነው። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «አላውቀውም፣ አይቼ እነግርሃለሁ» ትያለሽ። በዚህ የተዋረደ ሰው አላየሁም።

ግሬስ ሆፐር የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ሳይንቲስቶች አንዷ ነበረች። ናኖሰከንድ (የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ) ምን እንደሆነ ለማስረዳት 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ ይዛ ትቀርብ ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሰከንድ ሊሄድ የሚችለው ረጅሙ ርቀት ይሄ ነው ትላለች። ሽቦውን ለአድማጮቿ ታድላለች። የሳተላይት መልእክት ለምን እንደሚዘገይ የማይገባቸው ጄኔራሎች በሷ ሽቦ ገባቸው። በ1982 የሰጠችው አንድ ንግግር በአሮጌ ቴፕ ላይ ተቀምጦ ኖሮ በ2024 ለሕዝብ ተለቀቀ። ፈልጊና እዪው። ከዚያ «የኔ ሽቦ የቱ ነው?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ፕሮፖዛል ስትጽፊ አትጨነቂ፣ ግን አታድበስብሺ። መራጩ በመቶ የሚቆጠር ፕሮፖዛል ነው የሚያነበው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ችግሩ ምን እንደነበር ይወቅ። ቀጥሎ አንቺ ምን እንዳደረግሽና ሰሚው ምን ይዞ እንደሚሄድ። «በትሕትና» አትጀምሪ፣ «ልምዴ ትንሽ ቢሆንም» አትበይ። ብዙ ፕሮፖዛል አንብቤያለሁ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከወንዶቹ አግኝቻት አላውቅም። ሌላም ያየሁት አለ። አንድ ወንድ ልጅ ሦስት ፕሮፖዛል በአንዴ ይልካል፣ ሦስቱም ይወድቁበታል፣ በዓመቱ እንደገና ይልካል። እሷ አንድ ትልካለች፣ ከወደቀባት ዳግም አትመጣም። አብዛኛው ፕሮፖዛል ይወድቃል፣ ልጄ። ያንኑ ሌላ ቦታ ላኪው። ረጅሙ ካስፈራሽ ኮንፈረንሶች የ5 ደቂቃ አጭር ንግግር አላቸው፣ በዚያ ጀምሪ።

«ሴት ሆኖ በቴክኖሎጂ ውስጥ መሥራት» የሚል ፓናል ላይ ብቻ ሊያስቀምጡሽ ይፈልጉ ይሆናል። ጉዳዩ መወራት አለበት። ግን ሥራሽ ዳታቤዝ ከሆነ «እመጣለሁ፣ የማቀርበው ስለ ዳታቤዝ ነው» በያቸው። ግብዣውን ከመቀበልሽ በፊት የጉዞ ወጪ ማን እንደሚችል፣ የሥነ ምግባር ደንብ እንዳላቸው፣ ችግር ቢገጥምሽ ለማን እንደምትነግሪ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ አስቸጋሪ መሆን አይደለም። ልጅ ካለሽም የሕፃናት ማቆያ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ጠያቂ ካልበዛ አያስቡበትም።

አንተስ፣ ልጄ? ይህ ደብዳቤ ላንተም ነው። ምናልባት ይበልጥ ላንተ ነው፤ ምክንያቱም ግብዣው ቀድሞ የሚደርሰው አንተ ጋ ነው። ሲጋብዙህ ደስ ይበልህ፣ ከዚያ «ሌሎቹ ተናጋሪዎች እነማን ናቸው?» ብለህ ጠይቅ። ዝርዝሩ ውስጥ ሴት ከሌለች ዝም ብለህ አትቅር። ስም ስጣቸው። «ሴት ብትጨምሩ ጥሩ ነው» ማለት ለአዘጋጅ ምንም አይረዳውም። «እገሊት ይህን ሠርታለች፣ በዚህ ርዕስ ብትናገር ጥሩ ነው» ብትለው ግን ሥራውን አቀለልክለት። መጀመሪያ እሷን አስፈቅዳት እንጂ።

አወያይ ከሆንክ ደግሞ አንድ ነገር አስታውስ። በ10 አገሮች ወደ 250 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችን የታዘበ ጥናት፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ ከዚያ በኋላ ሴቶች የሚጠይቁት እንደሚያንስ አግኝቷል። ስለዚህ መጀመሪያ እጁን ወዳወጣው አትሩጥ። ጥቂት ጠብቅ፣ ከኋላም ተመልከት። ሴት ስትናገር አቋርጦ የሚገባ ሲኖር «ትጨርስ» በል። ከኔ አፍ ሲወጣ ቅሬታ ይመስላል፤ አንተ ስትለው ሥርዓት ማስከበር ነው። ልክ አይደለም፣ ግን እስኪለወጥ ተጠቀምበት።

ነገ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡት እናንተው ናችሁ። የአሜሪካ የማይክሮባዮሎጂ ማኅበር ጉባኤዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ከአዘጋጆቹ አንዷ እንኳ ሴት ስትሆን የሴት ተናጋሪዎች ቁጥር በግልጽ እንደሚጨምር አሳይቷል። አምነዋለሁ። ግን ከራሴ እንዳየሁት ክፍሉ ውስጥ መገኘት ብቻውን አይበቃም። እኔ ነበርኩ፤ 4 ወንዶች ጠርቼ ወጣሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ማስታወሻ ይዤ እዞራለሁ። አንዲት ሴት አንድ ነገር በደንብ ስታስረዳ በሰማሁ ቁጥር ስሟንና ርዕሱን እጽፋለሁ። ስብሰባ ስገባ አወጣዋለሁ። ጭንቅላቴን አላምነውም።

ባለፈው ዓመት የመረጣ ስብሰባ ላይ በማስታወሻዬ የሌለ ስም ተነሳ። «ማን ናት? ማን ጠቆማት?» አልኩ። ሰብሳቢዋ ኢሜይሉን አነበበችልን። አንድ ወጣት ኢንጂነር ጋብዘነው የመለሰው ነው። «ሲስተሙን ከሠሩት አንዱ ነኝ። ዲዛይኑን ያወጣችው ግን እሷ ናት። አነጋግሬያታለሁ፣ ፈቃደኛ ናት፣ አድራሻዋ ይኸው» ይላል። ያኔውኑ ጻፍንላት። ከሰዓት በኋላ መለሰች። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ስንት ደቂቃ አለኝ?»