ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቤት ልታፈርሱ ነው? ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ? እኔ የግንባታ ሰው ነኝ፣ አሁን አሁን ግን ከመስራቱ ይልቅ ለማፍረሱ ነው የምጠራው። ዛሬ ከሰዓት ስራ ስለሌለኝ ያላችሁን አምጡ፣ እስኪመሽ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። ደሴ ላይ ቤት ለብቻው የቆመበት ቦታ ጥቂት ነው። አንዱ ከጀርባው ያለውን ዳገት ደግፏል፣ ሌላው የጎረቤቱን ግድግዳ ይዟል። ስለዚህ ስትጠይቁኝ መልሼ የምጠይቃችሁ ቤቱ ምን ደግፎ እንደቆመ ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። የሰፈር ልጆች በአንድ ቀን እናወርድልሻለን ብለውኛል። ለዚህም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?

አዎ እህቴ፣ ካርታሽን ይዘሽ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ሂጂ። ልጆቹ እንደሚያወርዱት አልጠራጠርም፣ የሚያሳስበኝ አወራረዱ ነው። ቤት የሚፈርሰው በተሰራበት ተቃራኒ ነው። በርና መስኮት ይነቀላል፣ ቆርቆሮው ይወርዳል፣ ከዚያ የጣሪያው እንጨት፣ ከዚያ ጭቃው ከላይ ወደ ታች ይራገፋል፣ ቋሚው መጨረሻ ነው። ከስር ቆርጦ በገመድ መሳብ የሚባለውን ጨዋታ ተይው። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ሚስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ይርገጥ፣ ከስሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አታሰማሪ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁም (1156/2011) ወጣት ሰራተኛን አደገኛ ስራ ላይ ማሰማራት ይከለክላል።

ጥያቄ፦ መብራቱን ከቆጣሪው ካጠፋን በቂ ነው?

አይበቃም። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ አሁንም ኤሌክትሪክ አለው። መብራት ኃይል መጥቶ ከምሰሶው ላይ ይቁረጠው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በቴስተር ሳታዩ ሽቦ አትንኩ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ከጎረቤት ተስቦ የገባ መስመር የሌለበት ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ውሃውንም አዘጉ። የሽንት ቤት ጉድጓዱ የት እንዳለ አሮጊቶቹን ጠይቁ፣ ክዳኑ ላይ መኪና እንዳይቆም። ማንም ሰው ደግሞ ውስጡ አይግባ፣ ጋዙ በደቂቃ ይጥላል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ጦሳ ተራራ ስር ነው፣ የጓሮው ግድግዳ አፈሩ ላይ ተለጥፏል። ወንድማችን ከውጭ ነሐሴ ላይ ስለሚመጣ ያኔ ልናፈርስ ነበር።

ነሐሴ? ኧረ ተዉ! ወንድማችሁ ይምጣ፣ ቡና ጠጡ፣ ቤቱን ግን አትንኩት።

ያ የጓሮ ግድግዳ ዳገቱን ብቻውን የያዘ ይመስላችኋል። ብቻውን አይደለም። ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች ከፊት ይገፉታል፣ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ ወይም የፎቅ ወለል) ካለው ደግሞ ሶሌታው ከላይ ይይዘዋል። እነሱን ስታወርዱ ግድግዳው እርቃኑን ይቀራል። ክረምት ላይ ደግሞ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ውሃው ራሱም ይገፋል፣ ከአፈሩ ጋር የነበረው መያያዝም ይላላል። በበጋ ዝም ብሎ የቆመ ግንብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት በዘነበ ዝናብ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ከላይ ያለው የጎረቤት ቤትም አብሮ።

ከጥቅምት በኋላ ጀምሩ። የስትራክቸር መሐንዲስ ቦታው ድረስ መጥቶ ይየው፣ በፎቶ አይሆንም። የፊቱን ቤት ስታወርዱ የጓሮውን ግድግዳና እሱን የሚገፉትን ክፍልፋዮች ተዉአቸው። አዲሱ ደጋፊ ግንብ የሚሰራው በአጭር በአጭሩ እየዘለሉ ነው፤ አንድ ቁራጭ ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ ሲጠነክር ቀጣዩ ይከፈታል። ሙሉውን በአንዴ በስካቫተር የሚከፍትላችሁ ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። አዲሱ ግንብ የውሃ መውጫ ቀዳዳም ይኑረው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ነው ያለን። ጎረቤቴ «ብትነካው ፍርድ ቤት ነው» ብሎኛል።

ልክ ነው ሰውዬው። ከመጀመርህ በፊት ቤቱ ገብታችሁ እያንዳንዱን ስንጥቅ አብራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ጻፉ፣ ተፈራረሙ። ስንጥቁ ላይ ጂፕሰም ጠብ አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ስራው ይቁም። ግድግዳው አጠገብ ማሽን አይጠጋ፣ በእጅ ነው። የሱ ጣሪያ አንተ በምታፈርሰው ግድግዳ ላይ ካረፈ ግን መጀመሪያ የራሱ ቋሚ ይተከልለት።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። አንድ ሰው ፌሮውን ልውሰድ እንጂ በነፃ አፈርስልሃለሁ አለኝ። ጥሩ ነው አይደል?

ነፃ የሚባለው ላይ ነው የምፈራው። ትርፉ ፌሮው ውስጥ ስለሆነ ሰራተኞቹ ኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን) ከታች ፈልፍለው ብረቱን ለማውጣት ይቸኩላሉ። ውሉ ላይ «ከላይ ወደ ታች፣ ፎቅ በፎቅ» ብለህ አስገባ።

ሁለተኛው ጣጣ ፍርስራሹ ነው። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ የሰውና የዕቃ ጭነት እንዲይዝ ነው። ግማሽ ሜትር የተከመረ የኮንክሪት ስባሪ በካሬ ከ600 ኪሎ ያልፋል። እና ሰዎቻችን ከላይ እየሰበሩ እዚያው ይከምራሉ! የወደቀው በዕለቱ ወደ መሬት ይውረድ። ወደ ውጭ የወጣውን በረንዳ ደግሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከመነካቱ በፊት፣ ከስር ተደግፎ፣ አፍርሱት። ብዙ ጊዜ እንዳይገለበጥ የሚይዘው የዚያ ግድግዳ ክብደት ነው።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ እንደሚታየው በፈንጂ አይቻልም?

አይ። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው። ጣሪያው እንደ ሲሚንቶ ያለ ግራጫ ክዳን ነው፣ ጓሮ የናፍጣ ታንከርም አለ።

ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ ስራው ይቀላል ብላችሁ ነበር፣ ግን ከዳገቱ የባሰ ነገር ይዛችሁ መጣችሁ። ጣሪያው አስቤስቶስ (ከሲሚንቶ ጋር የሚቀላቀል ቃጫ መሰል ማዕድን) ሊሆን ስለሚችል፣ በምርመራ እስኪጣራ ነው ብላችሁ ያዙት። ብናኙ ሳንባ ገብቶ ካንሰር ያመጣል፣ የሚታየውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሳይሰበር፣ በውሃ ረጥቦ፣ ሙሉ ሙሉውን ይውረድ፣ በወፍራም ፕላስቲክ ይጠቅለል። ደረቁን አትጥረጉ። የኮሮና ጊዜው ስስ ማስክ እዚህ ዋጋ የለውም። ላዩ ላይም አትውጡ፣ ሲያረጅ ስለሚሰባበር ሰው ይዞ ይወርዳል።

ታንከሩን በጋዝ መቁረጫ የሚነካ ሰው ካለ አስቁሙት። «ባዶ ነው» ይሉሃል። ከናፍጣው ይልቅ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው። ታጥቦና ጋዙ ተለክቶ ካልሆነ ብልጭታ አይጠጋውም።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ሰራው የሚባል ቤት ቢሆንስ?

በቅርስነት መመዝገቡን ባህልና ቱሪዝም ሄደህ አጣራ። ከተመዘገበ ማፍረስ በቅርስ አዋጁ (209/1992) ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ የተመታ ቤት ነው። ፍርስራሹ ውስጥ የማናውቀው ብረት አየን።

አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ሕፃናትን አርቁ፣ ለፖሊስ ደውሉ። ቦታው ተፈትሾ ጸድቷል እስክትባሉ አካፋም አታግቡ።

ጥያቄ፦ ፍርስራሹን ማታ ቦርከና ዳር ብንደፋውስ?

አብሽር፣ ማታ ስለሆነ ማንም አያይህም፣ ክረምት ላይ ግን ወንዙ ታጥፎ ከታች ያለው ሰው ቤት ይገባል። የተፈቀደውን መድፊያ ከማዘጋጃ ቤት ጠይቅ። ደግሞ ድንጋዩን ለምን ትጥለዋለህ? ጭቃው ተራግፎ ለአዲሱ ቤት መሰረት ይመለሳል፣ የተሰባበረው ብሎኬትም ለመሙያ ይሆናል። አንድ ገልባጭ ድንጋይ ዛሬ ስንት እንደገባ ሄደህ ጠይቅ፣ ከዚያ እናወራለን።