ማታ የጻፍነው ዘፈን ከድራሙ ጋር ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር ነን፣ ሦስት ጓደኛሞች። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ይዘን ሮክ እንጫወታለን። ለአልበም ስምንት ዘፈን አለን፤ አዲስ አበባ ሄደን ስቱዲዮ ለመከራየት ግን አቅም የለንም። ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ስንቀዳ የእኔ ድምፅ ከመሣሪያው ሥር ይቀበራል። የባቲ ቅኝቱም በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ በሚያሻክረው ኢፌክት) ሲመታ ይጨማለቃል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እኔም የመጀመሪያ አልበሜን የቀዳሁት እዚያው ባሕር ዳር፣ ቆርቆሮ ክዳን ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው።

ዘፈኖቹን የምትጽፈው ማታ ነው አይደል? እኔም ማታ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይነቃ ጊታሩን በአውራ ጣቴ ነካ ነካ እያደረግሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳንጎራጉር ሁሉም ነገር ያምርልኛል። ችግሩ በዝግታ የተንጎራጎረ ዘፈን ሳታውቀው ዝቅ ያለ ኪይ (የዘፈኑ መነሻ ድምፅ) ላይ ይቀመጣል። ድራሙ ሲገባ አለቀ። ልጩህ ብትል እንኳ እዚያ ታች ጉሮሮህ ጉልበት የለውም። እኔ ማይክ ተውሼ ሞከርኩ፣ ድምፄን በሚክሲንግ ከፍ አደረግሁ፣ አልሆነም። አንድ ቀን ካፖውን፣ የጊታሩን ክሮች የሚጨብጠውን መቆንጠጫ፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ አሰርኩ፤ ኪዩ ከፍ አለና ድምፄ ወጣ። ሦስት ዘፈን እንደገና ቀዳሁ።

ስለዚህ ማይክ ሳትከፍት ቆመህ ከድራሙ ጋር ዝፈነው፤ ድምፅህ ካልወጣ ኪዩን ከፍ አድርግ። ጎረቤት ካስቸገረህ ጣና ዳር ውረድ። እኔ ደንገል ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች ፈንጠር ብዬ ነበር የምጮኸው፣ ማንም ምንም አላለኝም።

ባቲውን በምንም አትተውት፣ የእናንተ ሮክ እሱ ነው። ዲስቶርሽን ላይ ግን ሙሉ ኮርድ አትምታ። ብዙ ኖታ አብሮ ሲገባ እርስ በርሱ ይጋጭና ያልነካኸው ድምፅ ይፈጠራል። የኮርዱን መነሻ ኖታና አምስተኛውን ብቻ ያዝ፣ ዜማውን ለድምፅህ ተውለት። ትዝታና አምባሰል ቅኝት ላይም ይሄው ነው። አንቺሆዬ ላይ ተጠንቀቅ፦ አምስተኛዋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለምትል ያው ኮርድ ከዜማው ጋር ይጣላል። እዚያ በአንድ ክር መጫወት ይሻላል።

ድራሙን ቤት አትቅዱ። ብር አዋጡና ለእሱ ብቻ አንድ ቀን ስቱዲዮ ተከራዩ፤ ቀሪው ቤት ይሆናል። ስትዘፍን ከጀርባህና ከጎንህ ጋቢ ስቀል፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ራቅ በል። የመቅጃ ፕሮግራሙን 24 ቢት ላይ አድርገህ ቅዳ፣ ሌቭሉም (የድምፁ መጠን) ከዜሮ፣ ድምፁ ከሚበላሽበት ጣሪያ፣ 10 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይምታ። መብራት ስለሚጠፋ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ሴቭ አድርግ፤ እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት የቀዳሁት እንዲሁ ቀርቶብኛል፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ክዳናችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ለግጥም ተዉት። ድምፁን ጥቅምት ላይ ቅዱ።