የሳክስፎን ሪዴ በሳምንት ውስጥ ለምን ይበላሻል?

በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ የአልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ዘመድ ከውጭ በላከላቸው የቫንዶረን ቁጥር 3 ሪድ (ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣ ቀጭን የሸምበቆ ልሳን) ይጫወታሉ፤ በሰማያዊው ፓኮ ውስጥ ካሉት 10 ሪዶች ደህና ድምፅ የሚሰጧቸው ሦስት ወይም አራቱ ብቻ መሆናቸውን፣ እነዚያም ቢሆኑ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጫፋቸው ተሸብሽቦ ሲጥ ማለት እንደሚጀምሩ ጽፈዋል። ሪዱን ከተጫወቱ በኋላ ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ) ላይ እንደታሰረ ክዳን ደፍተውበት ያሳድሩታል። አልፎ አልፎ ክላርኔትም ስለሚጫወቱ ቁጥር ቢቀይሩ ወይም ወደ ፕላስቲክ ሪድ ቢዞሩ ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ከገለጹት ሁኔታ ስነሣ፣ ሪዶችዎን በዋናነት የሚያበላሻቸው የሚደርቁበት መንገድ ነው። ሪዱ ማውዝፒሱ ላይ ታስሮ ሲያድር ፊቱ ነፋስ እያገኘ ይደርቃል፣ ከማውዝፒሱ ጋር የተጣበቀው ጠፍጣፋ ጀርባው ግን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ አንዱ ወገን ሲኮማተር ሌላው እንዳበጠ ስለሚቀር ቀጭኑ ጫፍ ይሸበሸባል፣ ውሎ አድሮም ጀርባው ይጣመማል። ጀርባው የተጣመመ ሪድ ማውዝፒሱ ላይ ገጥሞ ስለማይቀመጥ አየር ያስገባል፤ ለሲጥታው አንዱ ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የበጋው አየር ደረቅ በመሆኑ ጉዳቱ በባሕር ዳርቻ ከተማ ካለ ተጫዋች ይልቅ በእርስዎ ላይ ይበረታል።

ከ10 ሪድ ሦስት ወይም አራት ብቻ ጥሩ ማግኘትዎ ብዙም አያስገርምም። ሪድ የሚሠራው በሳይንሳዊ ስሙ አሩንዶ ዶናክስ ከሚባለው የሸምበቆ ዓይነት ሲሆን፣ ታዋቂዎቹ የፈረንሳይ አምራቾች ተክሉን በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ አልምተው በሁለተኛ ዓመቱ ገደማ በአገሩ የብርድ ወራት ይቆርጡታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ከዚያም መጋዘን ውስጥ ያቆዩታል። ሁሉም ሪድ በአንድ ዓይነት ቅርጽ በማሽን ይላጋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ ተለክቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ቁጥር 3 ከቁጥር 2½ የሚለየው በውፍረቱ ሳይሆን በጥንካሬው ነው። ሸምበቆው የተፈጥሮ ነገር በመሆኑ የግራና የቀኝ ጎኑ እኩል ያልሆነ ሪድ በአንድ ፓኮ ውስጥ መገኘቱ አይቀርም፤ ከታች እንደማሳየው ሊታረሙ የሚችሉ ስላሉ ግን የሚጣሉት ሪዶች ብዙዎች እንደሚያስቡት ብዙ አይደሉም።

ቁጥሩን በተመለከተ ግማሽ ዝቅ ብለው 2½ እንዲሞክሩ እመክርዎታለሁ። በከፍታ ቦታ ሪድ ከበድ ብሎ ስለሚሰማ ደገኛ ተጫዋች ለስለስ ያለ ቢመርጥ አይጎዳም፤ ይኸው ሪድ ድሬዳዋ ለሥራ ሲወርዱ ቢላላብዎት ግራ አይጋቡ። ከከፍታው ይልቅ የሚወስነው ግን የማውዝፒሱ አፍ ስፋት ነው፦ እንደ ሴልመር ሲ ስታር ያለ ጠበብ ያለ ማውዝፒስ ጠንከር ያለ ሪድ ይችላል፤ ለጃዝ የሚመረጡት ሰፋፊዎቹ ደግሞ ለስላሳ ይፈልጋሉ። ትልቅ ቁጥር የመንፋት ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ በእኔ እይታ ከንቱ ኩራት ነው። የአንዱ ኩባንያ ቁጥር ከሌላው ጋር እንደማይመሳሰልም ያስተውሉ፤ የሰማያዊው ፓኮ ቫንዶረን 2½ በግምት ከብርቱካናማው ፓኮ ሪኮ 3 ጋር ይቀራረባል።

አሁን አልሠራም ብለው ያስቀመጧቸውን ሪዶች አውጥተው አንድ በአንድ ይመርምሩ። ሪዱን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይንከሩት፤ የተሸበሸበው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ብቻ ይዘረጋል። ከዚያ ማውዝፒሱ ላይ ያስሩትና ማውዝፒሱን ከሳክስፎኑ አንገት ነቅለው የኋላ ቀዳዳውን በመዳፍዎ ይድፈኑ፤ በአፍዎ አየሩን ስበው ይልቀቁት። ሪዱ ለአንድ አፍታ ተጣብቆ ቆይቶ "ጧ" ብሎ ከተለቀቀ ገጥሟል ማለት ነው። ወዲያው ከተለቀቀ ግን ሪዱን ፈትተው ጀርባውን መስታወት ላይ በማድረግ በጣትዎ ግራና ቀኝ ይጫኑት፤ ከተንገዳገደ ተጣሟል። 600 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግተው የሪዱን ጀርባ ጥቂት ጊዜ ቀስ ብለው ይሹት፤ ጫፉ ግን ወረቀቱን እንዳይነካ፣ እሱ ከተነካ ሪዱ አለቀለት። ሁሉም ሪድ በተመሳሳይ ሁኔታ አየር ካስገባ ጥፋቱ የማውዝፒሱ ስለሆነ ለጠጋኝ ያሳዩት።

ገጥሞ እያለ የሚታፈን ሪድ ካለ፣ ማውዝፒሱን በከንፈርዎ ውስጥ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው አንድ ድምፅ ይንፉ። በአንዱ በኩል ጥርት ብሎ በሌላው በኩል ከታፈነ፣ ከታፈነው ጎን ላይ፣ ከጫፉ ወረድ ብሎ፣ በዚያው ወረቀት እጅግ ጥቂት ያንሱለትና መልሰው ይሞክሩት። ሳያርሙ በፊት ግን የሪዱን አቀማመጥ ይፈትሹ፤ ከሪዱ ጫፍ በላይ የማውዝፒሱ ጥቁር ጠርዝ እንደ ፀጉር ቀጥኖ መታየት አለበት። የከበደ ሪድ ጥቂት ወደ ታች፣ የላላ ደግሞ ጥቂት ወደ ላይ ቢገፋ ይሻሻላል። የሊጌቸሩን (ሪዱን ማውዝፒሱ ላይ የሚይዘውን ማሰሪያ) ብሎን አጥብቆ ማሰርም ድምፁን ያፍናል።

ከእንግዲህ በአንድ ሪድ ብቻ አይጫወቱ። አራት ሪዶችን ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፈው በየቀኑ እያፈራረቁ ይጠቀሙ፤ አዲስ ሪድ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 ደቂቃ በላይ ባይነፋ፣ በመካከለኛው ድምፅ ብቻም ቢለማመድ ይመረጣል። ጨርሰው ሲፈቱት በውኃ አለቅልቀው ከወፍራሙ ወገን ወደ ጫፉ ብቻ ይጥረጉት፤ ወደ ኋላ የተጠረገ ጫፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጠፍጣፋ ወለል ባለው የሪድ መያዣ ያስቀምጡት። በበጋ መያዣውን እርጥበት ጠባቂ ከረጢት ካለበት የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ማድረግ ይጠቅማል፤ ከረጢቱ ካልተገኘ በተበሳ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ይተካዋል፣ ሪዱን ባይነካ። በክረምት ግን ይህን ይተዉት፤ ሻጋታ ያመጣል። ማኪያቶ ጠጥተው ወዲያው የሚነፉ ከሆነ አስቀድመው አፍዎን ይጉመጥመጡ፤ ስኳሩ ሪዱን ያቆሽሻል። ሪድን በአረቄ ማጠብ የሚመክር አይጠፋም፤ አልኮል እንጨቱን ስለሚያደርቅ አልደግፈውም።

የፕላስቲኩ ሪድ፣ ለምሳሌ የካናዳው ሌዤር፣ መራስ አያስፈልገውም፣ ለወራትም ያገለግላል፤ ዋጋው ግን ከአንድ የሸምበቆ ሪድ ብዙ እጥፍ ነው፣ ድምፁም ለእኔ ጆሮ ትንሽ ይሳላል። ለሳክስፎንዎ የሸምበቆውን ይያዙ። ለክላርኔቱ ግን ፕላስቲክ አንድ ቢገዙ ይጠቅምዎታል፤ መድረክ ላይ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ የሸምበቆው ሪድ ይደርቃል፣ የፕላስቲኩ ግን ሲያነሡት ወዲያው ይናገራል። ሲገዙ የሳክስፎኑን ቁጥር ይዘው አይሂዱ፤ አምራቹ ባወጣው የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ ላይ አሁን በክላርኔቱ የሚነፉትን ሪድ ፈልገው ከፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር ይዘዙ።