ስለ ትምባሆ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ደሴ ጓሯችን ውስጥ ስለበቀለችው ትምባሆ ጽፌ ነበር። ጥያቄ በዛብኝ። መልሴ ይኸው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስሙ ከየት መጣ?

«ታባኮ» የሚለውን ስፔኖች ከካሪቢያን ደሴቶች፣ ከታይኖ ሕዝብ እንደወሰዱት ብዙ ሰው ይስማማል። የተጠቀለለው ቅጠል ስም ነው የሚል አለ፤ መሳቢያው ቱቦ ነው የሚልም አለ። የእኛ «ትምባሆ» ከዐረቡ «ቱምባክ» ጋር ይዛመዳል። ትምባሆ ውስጥ ያለው መርዝ ኒኮቲን ደግሞ ስሙን ያገኘው ከሰው ነው። ዣን ኒኮ ፖርቱጋል የነበረ የፈረንሳይ አምባሳደር ነው። በ1560 አካባቢ ትምባሆ ለፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ላከ፣ ስሙም እዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ እናቴ «ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው» ትላለች።

እኔም እየሰማሁት ነው ያደግኩት። አርዮስ፣ ቤተ ክርስቲያን በመናፍቅነት ያወገዘችው ቄስ፣ የሞተው በ336 ነው። ትምባሆ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ባሕር የተሻገረው ከ1492 በኋላ ነው። በመካከል ከሺህ ዓመት በላይ አለ። ቢሆንም እናትሽን አትሟገቻት፤ ተረቱ አበው ምን ያህል ይጠየፉት እንደነበር ይነግረናል። እዚሁ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ የጠሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛም በጥብቅ ከልክለውት ነበር።

ጥያቄ፦ የበርበሬ ዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ድንችና ቲማቲምም ዘመዶቹ ናቸው። በሽታም ይጋራሉ። ትምባሆ ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ወደ ቲማቲም ችግኝ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ካፌ ውስጥ ይጨሳል። ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክሎታል (ይቺ 2011 ግን በእኛ አቆጣጠር ናት)።

ጥያቄ፦ በሬዬ አልቅት ገብቶበታል። የትምባሆ ውሃ ላድርግለት?

አያቴ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ደረቁን ቅጠል በመዳፋቸው ያደቁታል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ውሃው እንደ ቀጭን ቡና ሲጠቁር አፍንጫው ውስጥ ጠብ ያደርጉለታል። በሬው ራሱን ይነቀንቅና ያስነጥሳል። አልቅቱ ተንጠልጥሎ ይወጣል። የሚሠራው ኒኮቲኑ ነው። ተክሉ ተባይ እንዳይበላው ሥሩ ላይ አዘጋጅቶ ወደ ቅጠሉ የሚልከው መርዝ ነው። ግን አልቅቱን የሚጥል ነገር ከበዛ በሬውንም ይጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ። ኒኮቲን ደግሞ በቆዳ ይገባል። እርጥቡን ቅጠል የሚለቅሙ ሰዎች ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ለቅማል ብላችሁ የልጅ ራስ ላይ እንዳትቀቡት፣ እባካችሁ።